«የኤዲ ኮይል ወዳጆች»፤ ስለ ወዳጅነትና ስለ ክህደት የተሠራ አንድ ፊልም እንዴት መታየት ይገባዋል?

ብዙዎቻችን ወደ ሲኒማ የምንሄደው ወይ ለመደሰት ወይ ለመርሳት ነው። የወንበዴ ፊልም ደግሞ ለሁለቱም የተመቸ ነው ይባላል። ሽጉጥ ይጮኻል፤ አውቶሞቢል አውቶሞቢልን ያሳድዳል፤ በመጨረሻም ክፉው ወድቆ ተመልካቹ እፎይ ብሎ ወደ መኝታው ይሄዳል። ስለዚህም የወንበዴ ፊልም ጊዜ ከማጥፋት በቀር ለተማረ ሰው የሚሰጠው ነገር የለም የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይህ አስተያየት በብዙ ፊልሞች ላይ ትክክል ነው። በሁሉም ላይ ግን ትክክል አይደለም። የወንጀል ታሪክ በደንብ በተሠራ ጊዜ ሰው ከሰው ጋር ስላለው ውል የሚመረምር ጽሑፍ ይሆናል። ሕግ በሌለበት ቦታ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ቃሉና ወዳጅነቱ ብቻ ስለሆነ፣ ወዳጅነት ምን ያህል እንደሚሸከም ለመፈተን ከወንበዴዎች መንደር የበለጠ ቦታ አይገኝም።

ለዚህ አሳብ ምስክር አድርገን የምናቀርበው «የኤዲ ኮይል ወዳጆች» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። ፊልሙ የወጣው በ1973 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ፒተር ዬትስ ሲሆን ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ሮበርት ሚቸም ነው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተመልካች አላገኘም፤ ገንዘብም አላመጣም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የሲኒማ ሊቃውንት ተመልሰው አዩትና በ1970ዎቹ ከተሠሩት የወንጀል ፊልሞች ከምርጦቹ አንዱ ነው እያሉ ያወድሱት ጀመር። መጀመሪያ ለምን ተናቀ? ኋላስ ለምን ተከበረ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንናገራለን፤ ምክንያቱም ይህ ፊልም እንቆቅልሽ ስላልሆነ መጨረሻውን ማወቅ ጣዕሙን አይቀንሰውም።

ታሪኩ በአጭሩ

ኤዲ ኮይል በቦስተን ከተማ የሚኖር፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው። ወንበዴ ነው ቢባልም ትልቅ ወንበዴ አይደለም። ሥራው ለሌሎች ወንበዴዎች ሽጉጥ ገዝቶ ማቀበል ነው። አንድ ጊዜ ያቀበለው መሣሪያ ምንጩ ታውቆ ገዢው ስለ ታሰረ፣ የኤዲን እጅ መሳቢያ ውስጥ አስገብተው መሳቢያውን በርግጫ ዘጉበት፤ ጣቶቹም ተሰባበሩ። ይህን የሚነግረን ራሱ ነው። ሲናገርም አያለቅስም፣ አይቈጣም። የሥራ ደንብ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ያወራዋል።

አሁን ኤዲ ሌላ ችግር ላይ ወድቋል። ኒው ሃምፕሽር በሚባለው ክፍለ አገር የተዘረፈ ውስኪ የጫነ መኪና ሲነዳ ተይዞ ጥፋተኛ ተብሏል፤ የሚቀረው የፍርዱ ቀን ብቻ ነው። ሥራውን የሰጠው ዲሎን የሚባል የመጠጥ ቤት ሰው ሲሆን፣ ኤዲ ግን የዲሎንን ስም ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ኖሮ ሊቀለው ይችል ነበር። እስር ቤት መግባት አይፈልግም፤ ሚስቱ የመንግሥት ምጽዋት ጠባቂ ትሆናለች፤ ልጆቹንም የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ይሣለቁባቸዋል ብሎ ይፈራል።

ስለዚህ ዴቭ ፎሊ ወደሚባለው የመንግሥት ፖሊስ ይሄዳል። ፎሊ የጦር መሣሪያ ንግድ የሚከታተል ወጣት፣ ረጋ ያለና ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ኤዲ የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለኒው ሃምፕሽሩ ዐቃቤ ሕግ ስለ እኔ አንድ ጥሩ ቃል ንገርልኝ ይለዋል። ፎሊም ዋጋውን ይነግረዋል፤ ወሬ አምጣ ይለዋል። ኤዲ ያስባል። ከዚያም ሽጉጥ የሚሸጥለትን ጃኪ ብራውን የተባለ ወጣት ነጋዴ አሳልፎ ይሰጣል። ጃኪ መትረየስ ሊሸጥ በሄደበት የባቡር ጣቢያ ተከቦ ይያዛል። ኤዲ ዋጋዬን ከፈልኩ ብሎ ሲመለስ፣ ፎሊ የኒው ሃምፕሽር ሰዎች በዚህ ብቻ አልረኩም፣ ሌላ ይፈልጋሉ ይለዋል።

በዚህ መካከል ስካሊዚ የሚባል ሰው የሚመራው ቡድን በከተማው ዙሪያ ባንክ ይዘርፋል። ሽጉጡን የሚያቀብላቸው ኤዲ ነው። በአንዱ ዝርፊያ ላይ የባንክ ሠራተኛ ይገደላል። ኤዲ ከብዙ ጭንቀት በኋላ የስካሊዚን ቡድን ሊሰጥ ወስኖ ወደ ፎሊ ይሄዳል። ነገር ግን ዘግይቷል፤ ቡድኑ አስቀድሞ ተይዟል፤ ወሬውም በጋዜጣ ወጥቷል። የጠቈመ ሌላ ሰው አለ። ያም ሰው ዲሎን ነው። የመጠጥ ቤቱ ዲሎን፣ ኤዲ ስሙን ደብቆ እስር ሊገባለት የነበረው ዲሎን፣ ለካ ከፎሊ ጥቂት ዶላር እየተቀበለ ወሬ የሚያቀብል ጆሮ ጠቢ ኖሯል።

የወንበዴዎቹ አለቆች ግን የጠቈመው ኤዲ ነው ብለው ያምናሉ። ይገደል ብለውም ይፈርዳሉ። ግድያውን እንዲፈጽም የሚታዘዘው ማን ነው? ራሱ ዲሎን ነው። ዲሎን ስለ ዋጋው ከተነጋገረ በኋላ ኤዲን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ሊያሳየው ይጋብዘዋል። ኤዲ ቢራውን ይጠጣል፣ ቦቢ ኦር የሚባለውን ዝነኛ ተጫዋች ያደንቃል፣ እንደ ሕፃን ይደሰታል። ሲመለሱ ሰክሮ አውቶሞቢል ውስጥ ይተኛል። ተኝቶ ሳለ ዲሎን ራሱን በጥይት ይመታዋል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ሁሉም ነገር ገበያ ነው

ከላይ የተነገረውን ያስተዋለ አንባቢ አንድ ነገር አይስተውም። በዚህ ፊልም ውስጥ የማይሸጥ ነገር የለም። ጃኪ ብራውን ሽጉጥ ይሸጣል፤ ኤዲ ያንኑ ገዝቶ ይሸጣል፤ ፎሊ ምሕረት ይሸጣል፤ ዲሎን ወሬም ሞትም ይሸጣል። ፊልሙ ከሞላ ጐደል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋጋ የሚነጋገሩባቸው ትዕይንቶች ስብስብ ነው። አንዳንዴ የሚነጋገሩት ስለ ብረት ነው፤ አንዳንዴ ስለ ሰው ነው። አነጋገራቸው ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የፊልሙ ትልቁ አሳብ ያለው በዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ስለ ሰው ሕይወት የሚደረገው ድርድር ስለ ሽጉጥ ከሚደረገው ድርድር በድምፅም በአነጋገርም ካልተለየ፣ ወዳጅነት ቀድሞውንም ሞቷል ማለት ነው።

የፊልሙንም ስም በዚህ ዓይን መመልከት ያስፈልጋል። «ወዳጅ» የሚለው ቃላችን «ወደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በእንግሊዝኛም ለወዳጅ የተሰጠው ቃል ጥንተ ነገሩ መውደድን የሚያመለክት ግሥ ነው። የኤዲ ኮይል ወዳጆች እነማን ናቸው ብለን ብንቈጥር ዲሎን፣ ፎሊ፣ ጃኪ፣ ስካሊዚ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የሚወደው አንድም የለም። ሁሉም የሚፈልጉት ናቸው። በገበያ መካከል የማያውቀንን ገዢ ሻጩ «ወዳጄ!» ብሎ እንደሚጠራው፣ እነዚህም ሰዎች ወዳጅ የሚለውን ቃል የሚጠቀሙበት ደንበኛ ለማለት ነው። ስሙ ምፀት ነው። ነገር ግን ምፀቱን የሚያውቀው ተመልካቹ ብቻ ሲሆን ኤዲ ግን እስከ መጨረሻው አያውቀውም። በሆኪው ጨዋታ ላይ አብሮት የተቀመጠው ወዳጁ እንደሆነ አምኖ ይሞታል።

የክህደት ቋጠሮ

አንዳንድ ጓደኞቻችን ኤዲ ከዳተኛ ስለሆነ የሚገባውን አገኘ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለልጆቹ ሲል ያደረገው ስለሆነ ያሳዝናል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ፊልሙን ግማሹን ብቻ ያዩት ይመስለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤዲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አድርጓል። አንደኛ፣ ለዲሎን ታማኝ ሆኖ ስሙን አላወጣም፤ ለዚህ ታማኝነቱ ዋጋው ጥይት ሆነ። ሁለተኛ፣ ጃኪ ብራውንን ከዳ፤ ለዚህ ክህደቱ ግን ማንም አልቀጣውም። ሦስተኛ፣ ስካሊዚን ሊከዳ ሄዶ ሳይከዳው ቀረ፤ የተገደለው ግን በዚህ በሦስተኛው ምክንያት፣ ከድቷል ተብሎ ነው። እንግዲህ ኤዲ የሞተው ባላደረገው ነገር ነው። ቢሆንም ሊያደርገው ወስኖ ነበርና ንጹሕ ነው ልንለው አንችልም። ፊልሙ ሚዛኑን ሆን ብሎ እንዲህ አዛብቶታል። ታማኝነት ይቀጣል፣ ክህደት ይታለፋል፣ ላልተሠራ ነገር ይፈረዳል። በወንበዴዎች ዘንድ ቢያንስ የራሳቸው ፍትሕ አለ እያሉ የሚያወሩ ልብ ወለዶችና ፊልሞች ብዙ ናቸው። ይህ ፊልም ግን ያ ተረት ነው ይለናል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ምሳሌያችን ለኤዲ በጣም ይስማማዋል። እስር ቤት የሚያሳልፈውን ጥቂት ዓመት ላለማጣት ሲሯሯጥ ሕይወቱን ጣላት። ሆኖም የምሳሌዋ ሴት ምርጫ ነበራት። ኤዲ ግን የሚነግድበት ገበያ ዋጋው በየቀኑ የሚጨምር ነው። ፎሊ መጀመሪያ አንድ ሰው ጠየቀ፤ አንድ ሰው ሲሰጠው ሌላ ሰው ጠየቀ። ጆሮ ጠቢነት እንደ አራጣ ብድር ነው፤ የሚከፈለው ሁሉ ወለዱ ብቻ ነው፤ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀራል። ፊልሙ ይህን አሠራር ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

ስለ ፎሊም አንድ ቃል መናገር ይገባል። እርሱ ጉቦ የሚበላ ፖሊስ አይደለም። ሰው አይደበድብም፣ አይሳደብም። ሥራውን በትክክል ይሠራል። ነገር ግን በመጨረሻው ትዕይንት ከዲሎን ጋር በከተማው አዳራሽ አደባባይ ቆሞ ሲነጋገር፣ ኤዲን የገደለው ማን እንደሆነ ለመመርመር እንደማይቸኩል እናያለን። ዲሎን ገና የሚጠቅም ሰው ነውና። ክፋት ያለ አንድም ክፉ ቃል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ይህን የአንድ ደቂቃ ንግግር መስማት ይበቃል።

ለምን ቀስ ይላል?

ፊልሙን የሚነቅፉ ሰዎች ዋና ክስ ወሬ ይበዛበታል፣ ቀርፋፋ ነው የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ታሪኩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ፊልሙ የተወሰደው ጆርጅ ሂጊንስ ከጻፈው ልብ ወለድ ነው። ሂጊንስ ጋዜጠኛ ሆኖ ከሠራ በኋላ ሕግ ተምሮ በማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ስለዚህ የቦስተን ወንጀለኞች እንዴት እንደሚናገሩ በየቀኑ ይሰማ ነበር። መጽሐፉ አብዛኛው ንግግር ነው። ደራሲው የሰውን ልብ ገብቶ አያስረዳንም። ሰዎቹ ያወራሉ፤ ከሚያወሩት እኛ እንገምታለን። ፊልሙም ይህን ደንብ ጠብቋል።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። በዚህ ፊልም ግን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይወራል፤ በሆድ ያለው ግን አይወጣም። ሰዎቹ ስለ አየር፣ ስለ ጀርባ ሕመም፣ ስለ ኳስ ያወራሉ። ዋናው ነገር በመካከል እንደ ተራ ነገር ተጥሎ ያልፋል። ስለዚህ ተመልካቹ ጆሮውን ማቅናት አለበት። ቀርፋፋነቱ ባዶነት አይደለም። እንደ ቼዝ ጨዋታ ነው፤ ሕጉን ለማያውቅ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስላል፤ ሕጉን ለሚያውቅ ግን አንዱ ሌላውን እያነቀው ነው።

ፒተር ዬትስ ፈጣን ፊልም መሥራት አቅቶት አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት በ1968 ያዘጋጀው «ቡሊት» በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት በተደረገ የአውቶሞቢል ማሳደድ በዓለም የታወቀ ነው። በሽሚያና በፍጥነት ዝነኛ የሆነው ሰው በዚህ ፊልም ውስጥ ያን ችሎታውን መተዉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዝርፊያዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ ያሉ ናቸው። ወንበዴዎቹ ፊታቸውን ሸፍነው በማለዳ ወደ ባንክ ኃላፊው ቤት ይገባሉ፤ ቤተ ሰቡን መያዣ አድርገው ኃላፊውን ወደ ባንኩ ይወስዱታል፤ ካዝናው እስኪከፈት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ጩኸት የለም። ልባችንን የሚያንጠለጥለው ጥይት ሳይሆን መጠበቁ ነው። በኋላም ጥይት በተተኰሰ ጊዜ እውነተኛ ሰው እንደሞተ ሆኖ ይሰማናል፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሞትን አላረከሰውም።

ቦታውና ብርሃኑ

ሌላው ሊስተዋል የሚገባው ቦታው ነው። ፊልሙ የተነሣው በስቱዲዮ ሳይሆን በራሱ በቦስተንና በአካባቢዋ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ቪክቶር ኬምፐር ነው። የምናየው ርካሽ የቡና መሸጫ፣ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ፣ የባቡር ጣቢያ፣ ቅጠሉ የረገፈ የበልግ ዛፍ ነው። ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ልብሶቹም እንደ ሰማዩ ናቸው። ኤዲ የገዛውን ሽጉጥ የሚያጓጉዘው እንደ አስቤዛ በወረቀት ከረጢት አድርጎ ነው። የሆኪው ጨዋታ የተነሣበት ቦስተን ጋርደን የተባለው አሮጌ አዳራሽ በ1995 ተዘግቶ ኋላም ስለ ፈረሰ፣ ፊልሙ ዛሬ የጠፋ ከተማ መዝገብም ሆኗል።

ይህን ለመገመት ከአንድ ዓመት በፊት በ1972 ከወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ጋር ማነጻጸር ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ወንጀለኞቹ መሳፍንት ናቸው። ሠርጋቸው የንጉሥ ሠርግ ይመስላል፤ ሲገድሉም ሲሞቱም ግርማ አላቸው። ትልቅ ፊልም መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከሲኒማው የሚወጣ ወጣት በልቡ እንደ እነርሱ ብሆን ሊል ይችላል። «የኤዲ ኮይል ወዳጆች»ን አይቶ እንደ ኤዲ ብሆን የሚል ሰው ግን አይገኝም። ወንጀል እዚህ ጀብዱ አይደለም። ደመወዙ ያነሰ፣ ጡረታ የሌለው፣ አለቃው የማይታወቅ ሥራ ነው። ስለዚህ የወንበዴ ፊልም ወጣቱን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች በዚህ ፊልም ላይ የሚያቀርቡት ክስ የሚኖራቸው አይመስለንም።

ሚቸም

ሮበርት ሚቸም በ1917 የተወለደ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንቅልፋም፣ ምንም የማይደንቀው ጀግና ሆኖ የታወቀ ተዋናይ ነበር። በ1947 «ከትናንት የመጣ» ልንለው በምንችለው በዣክ ቱርነር ፊልም፣ በ1955 ደግሞ በቻርልስ ላፍተን «የአዳኙ ሌሊት» የሠራቸው ሥራዎች አይረሱም። የኤዲን ቦታ ሲይዝ ዕድሜው ወደ 55 ተጠግቶ ነበር። የተመልካቹ ትዝታ ለፊልሙ ያገለግላል። ያ የማይበገር ሰው አሁን ሆዱ ወጥቶ፣ ፊቱ ወድቆ፣ ከልጁ እኩያ ፖሊስ ፊት ቆሞ ሲለማመጥ እናያለን።

ሚቸም ምንም አያጋንንም። ልመናው ውስጥ እንባ የለም። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ትከሻው ይጐብጣል፣ ያ ብቻ ነው። ወጣቱን ጃኪ ብራውንን በመጀመሪያው ትዕይንት ሲመክረው እንደ አባት ነው፤ ያንኑ ልጅ በኋላ ይሸጠዋል። ተዋናዩ ሁለቱን ሲሠራ ፊቱን አይለውጥም። ምክሩም እውነት ነበር፤ ሽያጩም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ መቻላቸው እንደ እኛ አስተያየት የፊልሙ እጅግ አስፈሪ ነገር ነው። ዲሎን ሆኖ የሠራው ፒተር ቦይልም ሊመሰገን ይገባዋል። ባንኮኒውን እየጠረገ፣ እያዳመጠ፣ ለሁሉም የሚያዝን መስሎ ይታያል። ይህን ፊት አይቶ ክፉ ነው የሚል ማን ነው?

ሦስት ጆሮ ጠቢዎች

ጠቋሚን ዋና ሰው ያደረገ ፊልም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1935 ጆን ፎርድ ባዘጋጀው «ጠቋሚው» በተባለው ፊልም፣ ጂፖ ኖላን የሚባል የደብሊን ድሃ ወዳጁን በ20 ፓውንድ ለእንግሊዞች ይሸጣል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ኅሊናው ያሳድደዋል። እዚያ ክህደት ኃጢአት ነው፤ ንስሐም አለው። በ1954 ኤልያ ካዛን ባዘጋጀው «በወደቡ ላይ» በተባለው ፊልም ደግሞ፣ ማርሎን ብራንዶ የሚጫወተው የወደብ ሠራተኛ በወንበዴ አለቆቹ ላይ ምስክርነት ይሰጣል፤ እዚያ መመስከር ጀግንነት ነው። ካዛን ራሱ በ1952 በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ቀርቦ የቀድሞ ጓደኞቹን ስም በኮሚኒስትነት ስለ ሰጠ፣ ብዙዎች ፊልሙን የራሱ መከላከያ አድርገው ይቈጥሩታል።

«የኤዲ ኮይል ወዳጆች» ከሁለቱም ይለያል። እዚህ መጠቈም ኃጢአትም ጀግንነትም አይደለም። ንግድ ነው። ኅሊና የሚያሳድደው ሰው የለም፤ ጭብጨባም የለም። ሦስቱን ፊልሞች በተከታታይ ያየ ሰው፣ አንድ ድርጊት በሦስት ዘመን እንዴት በሦስት ዓይን እንደታየ ይማራል። ይህም ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ኋላ እውነት ሆኖ የተገኘው

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ፖሊስና ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ተጠቃቅመው አይኖሩም፣ ነገሩ ተጋኗል ለማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው በቦስተን ፍርድ ቤት ጄምስ ዋይቲ በልጀር የተባለው የወንበዴ አለቃ ለብዙ ዓመታት ለፌዴራል መርማሪዎች ወሬ አቀባይ ሆኖ መኖሩ ይፋ ወጣ። እርሱን ይይዝ የነበረው መርማሪ ጆን ኮነሊ በ2002 በወንጀል ተፈርዶበታል። በልጀር በ1994 መጨረሻ ከተሰወረ በኋላ በ2011 ተይዞ፣ በ2013 በ11 ሰዎች ግድያ ተካፋይ ሆኖ በመገኘቱ ተፈረደበት፤ በ2018ም እስር ቤት ውስጥ ተገደለ። ሂጊንስ መጽሐፉን የጻፈው ይህ ሁሉ ከመታወቁ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ትንቢት ተናገረ ለማለት አይደለም። ሥርዓቱን ከውስጥ ስላየው፣ ሥርዓቱ ምን ሊወልድ እንደሚችል ገባው ማለት ነው። ጥሩ ልብ ወለድ ከወሬ የሚለየው በዚህ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንየው?

ይህን ፊልም ለሚያዩ ጓደኞቻችን ጥቂት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ ሁለት ሰዎች በተቀመጡበት ትዕይንት ሁሉ «ሻጩ ማን ነው? ገዢውስ? የሚሸጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ዝምታውን ማዳመጥ ነው፤ በተለይ ዲሎን የማይናገረውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ኤዲ በቤቱ የሚታይባቸውን አጫጭር ትዕይንቶች አለመዝለል ነው። ሚስቱን ሲሰናበት፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ የምናየው ለጌጥ አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ዋጋ የማይነገርበት ቦታ ያ ቤት ብቻ ነው፤ ኤዲም የሚያጣው እርሱን ነው።

በመጨረሻም፣ ይህ ነገር የወንበዴዎች ብቻ አለመሆኑን ማሰብ ይገባናል። ሽጉጥ አንሸጥም፤ ባንክም አንዘርፍም። ነገር ግን አንድ ሰው በችግር ላይ ሳለ ሌላው ቀርቦ «አንድ ስም ብቻ ስጠኝ፣ አንተ ትድናለህ» የሚልበት ጊዜ በማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ስም አንድ እንደማይሆን፣ የተገባውም ቃል እንደማይጠበቅ ኤዲ ኮይል አስቀድሞ አሳይቶናል። በየዕለቱ ወዳጄ የምንለውን ሰው የምንወደው ነው ወይስ የምንፈልገው? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ከፊልሙ የሚወጡ ካሉ፣ ያዩት የባንክ ዝርፊያውን ብቻ ነው።